49ኙን የፕሮጀክት ሂደቶች ሁሉ ልሙላ ወይስ? ሲስተም የቀየራችሁ ሰዎች እርዱኝ

አዲሷ ተሿሚ፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ሥራዬ ወር መዝጋት፣ ባንክ ማስታረቅና ከኦዲተር ጋር መከራከር ነበር። በቅርቡ ድርጅታችን የሂሳብ፣ የግዢና የንብረት ሲስተሞቹን አንስቶ በአንድ ኢአርፒ (ሁሉንም ክፍል በአንድ ላይ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ሊተካ ወሰነ፤ «ቁጥሩን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» ተባልኩና ፕሮጀክት ማናጀር ሆንኩ። ኮንትራቱ እኔ ከመመደቤ በፊት ተፈርሟል። ቀኑም ተቆርጧል፤ የሚቀጥለው በጀት ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከየክፍሉ 11 ሰው ተሰጥቶኛል፣ ሁሉም ግን የቀድሞ ሥራቸውን እንደያዙ ነው።

ኮርስ ወሰድኩ። የፒኤምአይን (የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋሙን) መመሪያ ስድስተኛ እትም አገላብጬ 5 የሂደት ቡድን፣ 10 የዕውቀት ዘርፍ፣ 49 ሂደት አገኘሁ። አለቃዬ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ የቅጽ ፎልደር ላከልኝ፤ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የአይቲ ክፍሉ ልጅ «ይሄ ሁሉ አርጅቷል፣ በአጃይል እንሂድ» ይላል፤ ሥራውን በትንንሹ እየቆረጥን፣ እያሳየን እንሥራ ማለቱ ነው። የአቅራቢው ፕሮጀክት ማናጀር ደግሞ «ፕላኑን ለእኛ ተዪው፣ አንቺ ፈርሚ ብቻ» ይለኛል። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው፣ ምክራቸው ግን አይገናኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከነዚህ ሂደቶች ውስጥ ብተዋቸው ፕሮጀክቱን ይዘውት የሚወድቁት የትኞቹ ናቸው? ሌላው፣ የአቅራቢው ፕላን ላይ «ዳታ ማይግሬሽን፣ 2 ሳምንት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ የድሮውን ዳታ ወደ አዲሱ ሲስተም ማሻገር ማለት ነው። ይበቃል? ልቤ አይበቃም ይለኛል፤ ለምን እንደማይበቃ ግን ለአለቃዬ ማስረዳት አቃተኝ።

ስፕሪንተር፦

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወይም ያጽናሽ፤ የትኛው እንደሚሻል ከስድስት ወር በኋላ ትነግሪናለሽ።

የአይቲው ልጅ ልክ ነው። ያነበብሽው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በ2021 የወጣው ሰባተኛው እትም ራሱ 49ኙን ሂደት ከመሃል አንስቶ 12 መርሆችና 8 የአፈጻጸም መስኮች ላይ ነው የቆመው። የአጃይል ማኒፌስቶን 17ቱ ሰዎች የፈረሙት ደግሞ በ2001 ነው፤ ከተሟላ ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ሶፍትዌር ይቅደም ካሉ ስንት ዘመን ሆነው! የሥራ ዝርዝርሽን በቅደም ተከተል ደርድሪ፣ በሁለት ሁለት ሳምንት ስፕሪንት ቁረጪው፣ በየስፕሪንቱ መጨረሻ የተሠራውን ለተጠቃሚው አሳዪ። ጠዋት ጠዋት 15 ደቂቃ ቆማችሁ ተነጋገሩ። የቅጹን ፎልደር አንድም ሰው አይናፍቀውም።

ቀይ ብዕር፦

እህቴ፣ የዳታውን ጥያቄ ለዳታ ቆፋሪ ትቼለታለሁ፤ እዚህ ካለ መግባቱ አይቀርም። እኔ በመጀመሪያው ላይ ልናገር።

49 ብለሽ ከቆጠርሽ አይቀር አከፋፈሉንም እዪው። ማስጀመር 2፣ ማቀድ 24፣ መፈጸም 10፣ መከታተልና መቆጣጠር 12፣ መዝጋት 1። ግማሽ ያህሉ ዕቅድ ነው። ይህን ያየ ሰው ወይ 24 ሰነድ ጽፎ ሥራው ሳይጀመር ይደክማል፣ ወይ ተናዶ ሁሉንም ይጥላል። መመሪያው ራሱ ግን ለፕሮጀክትሽ በሚሆን ልክ ቁረጪው ነው የሚለው። እኔ እያንዳንዱን ሂደት የማነበው እንደ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በግማሽ ገጽ ካለቀ ግማሽ ገጽ ይበቃል። መልስ የሌለው ጥያቄ ሲኖር ነው የምደነግጠው።

አንደኛው ጥያቄ፦ የሚወስነው ማን ነው? ስፖንሰራችን «ማኔጅመንቱ ነው» ካልሽኝ ስፖንሰር የላችሁም ማለት ነው። አንድ ሰው ያስፈልግሻል፤ ግዢ ክፍልና ሂሳብ ክፍል ሲጋጩ በሁለት ቀን ውስጥ ቆርጦ የሚነግርሽ። አሁን ሁሉም ተስማምቶ ስለተቀመጠ ትርፍ ጥንቃቄ ይመስላል። አዲሱ ሲስተም ያለ ጸደቀ የግዢ ጥያቄ ትዕዛዝ አላወጣም ሲል፣ የግዢ ኃላፊው «እኔ በእንዲህ ዓይነት ገመድ ታስሬ አልሠራም» ሲል፣ የአንቺው አለቃ ደግሞ «በጀት መቆጣጠሪያውን ታዲያ ለምን ገዛነው» ሲል ግን የምትጠሪው ስም ሊኖር ይገባል። እግረ መንገድሽን የ11ዱን ሰዎች ሰዓት ከኃላፊዎቻቸው በጽሑፍ ተቀበዪ። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ሥራ ላይ ተቀንሶ? «ሲመቻቸው ይመጣሉ» የሚባል ሰው እንደሌለ ቁጠሪው።

ሁለተኛው ስኮፕ፣ የሥራው ወሰን፣ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩዪ። አንድ ገጽ ለሁለት ክፈዪ፣ በአንድ በኩል የሚገባውን፣ በሌላ በኩል የማይገባውን ጻፊ። ሰው የሚከራከርሽ በሁለተኛው ዓምድ ስለሆነ እሱ ነው ጥቅሙ። ደመወዝ አይገባም። ቋሚ ንብረት አይገባም። የዛሬ አምስት ዓመት ግብይት አይገባም። ሪፖርት በስም የተጠቀሱት ብቻ። ኮንትራቱ ከአንቺ በፊት ስለተፈረመ በሩን ዘግተሽ ከሽፋን እስከ አባሪ አንብቢው። «ስታንዳርድ ሪፖርቶች» የሚል ሐረግ ካገኘሽ በቀይ አስምሪበት። አቅራቢው ሲስተሙ ይዞት የሚመጣውን ማለቱ ነው፤ ሥራ አስኪያጅሽ ግን በየወሩ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘውን ማለት ይመስለዋል። ይህ ልዩነት ዛሬ ከተነሳ የአንድ ስብሰባ ጉዳይ ነው፤ በመጨረሻው ወር ከተነሳ ግን ተጨማሪ ክፍያ ነው።

ፍላጎት ስታሰባስቢ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ አትነሺ። ተጠይቆ አልፈልግም የሚል ሰው የለም። ከንብረት ክፍሉ ሰው አጠገብ ተቀመጪና ዕቃ ሲገባ፣ ሲጎድል፣ ሲመለስ፣ ሲሰበር ምን እንደሚያደርግ እዪ። ቀጥሎ ለየብቻው የያዘውን ኤክሴል እንዲከፍትልሽ ለምኚው። ሁሉም አለው። እያንዳንዱ የግል ኤክሴል የድሮው ሲስተም ያልመለሰው ፍላጎት ነው፤ አዲሱም ካልመለሰው ኤክሴሉ ይቀጥላል፣ እናንተም ሁለት መዝገብ እንደያዛችሁ ትቀራላችሁ። ከየትኛውም ወርክሾፕ የበለጠ ነገር ያገኘሁት ከነዚህ ፋይሎች ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ቀኑ ተቆርጧል ስላልሽ ከቀኑ ወደ ኋላ ተራመጂ። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸውን ሥራዎች ሰንሰለት ፈልጊ፤ ረጅሙ ሰንሰለት የፕሮጀክትሽ ዕድሜ ነው። ዘዴው በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት ውስጥ ከተቀመረ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ያንቺን ሰንሰለት እዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ፦ ቆጠራ፣ የዓመት መዝጊያ፣ የመዝጊያ ሚዛን፣ የመክፈቻ ሚዛን ጭነት። እንግዲህ እነዚህን ሥራዎች የሚሠሩትን ሰዎች ስም ጻፊ። ከ11ዱ ስንቶቹ ናቸው? የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን በወረቀት ላይ ንጹሕ ቀን ነው፤ ሲስተሙን የሚሞክሩት፣ ዳታውን የሚያስታርቁትና ዓመቱን የሚዘጉት ግን እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ በእነዚያው ሳምንታት።

ኸርሺ የተባለውን የቸኮሌት ኩባንያ ታሪክ ለአለቃሽ ንገሪው። አራት ዓመት ይፈልጋል የተባለውን ሥራ በ30 ወር ጨርሱ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ክረምት ሦስት ትልልቅ ሲስተሞች አንድ ላይ ተከፈቱ። ጊዜው ለሃሎዊን ትዕዛዝ የሚጎርፍበት ወቅት ነበር። ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትዕዛዝ ማድረስ አቃታቸው። ሶፍትዌሩ ሌላ ቦታ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። ቀኑን የመረጠው ሰው ወቅቱን አልጠየቀም።

ግምት ስትጠይቂ አንድ ቁጥር አትቀበዪ፣ ሦስት ጠይቂ። ሁሉ ከሰመረ 2 ሳምንት፣ እንደተለመደው ከሆነ 4፣ ከከፋ 12 ካሉሽ መካከለኛውን በአራት አባዢና ከሁለቱ ጋር ደምረሽ ለስድስት አካፍዪ፤ 5 ሳምንት ይመጣል። 12 የምትለዋ ቁጥር ግን ከስሌቱ በላይ ትጠቅማለች። «ምን ቢፈጠር ነው 12 የሚሆነው?» ብለሽ ስትጠይቂ የሚመለስልሽ የሪስክ መዝገብሽ የመጀመሪያ መስመር ነው። መዝገቡ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ እያንዳንዱ መስመር የሰው ስምና ቀን ይኑረው። የክፍል ስም አይሆንም፣ ክፍል ስልክ አያነሳም።

ክትትል ላይ ያንቺ ሙያ ይረዳሻል። በጀቱ 100 ነው እንበል። እስከዛሬ በፕላኑ መሠረት 40 የሚያወጣ ሥራ ማለቅ ነበረበት፤ ያለቀው 30 የሚያወጣ ነው፤ የተከፈለው 45 ነው። ብዙ ማናጀር 45ን ከ40 ጋር አስተያይቶ «ትንሽ አልፈናል» ይልና ይተኛል። አንቺ ያለቀውን 30 ለተከፈለው 45 አካፍዪው፣ 0.67 ነው። ለታቀደው 40 ስታካፍዪው ደግሞ 0.75። በዚህ ከቀጠለ ሥራው የሚያልቀው በ100 ሳይሆን በ150 ገደማ ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው «ያለቀ» በምትዪው ላይ ነው። 90 ከመቶ አልቋል የሚል ሪፖርት ሲመጣ እኔ ዜሮ ነው የምጽፈው፤ ተፈትኖ ተጠቃሚው የተቀበለው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ለዚህ ነው የማይወዱኝ።

ስፕሪንተር፣ በአንተም ላይ አንድ ነገር ልበል። ማኒፌስቶው በቀኝ በኩል የተጻፉትም (ሰነድ፣ ኮንትራት፣ ዕቅድ) ዋጋ እንዳላቸው ይናገራል፤ ሰዎች ያቺን ዐረፍተ ነገር ይዘልሏታል። ፏፏቴ የምትሉት፣ አንዱ ደረጃ ሲያልቅ ብቻ ወደ ሌላው የሚወርደው ሞዴል ተጠሪ የሆነው ዊንስተን ሮይስም በ1970 ጽሑፉ ላይ ሥዕሉን ካስቀመጠ በኋላ እንዲሁ መተግበሩ አደገኛ ነው ብሏል። ስለዚህ ሰፈር አንለይ። ሪፖርቶቹን፣ የማጽደቂያ መስመሮቹን፣ ስክሪኖቹን በየሁለት ሳምንቱ እያሳየሽ ብትሠሪ እኔም ደስ ይለኛል። የመክፈቻ ሚዛን ግን በስፕሪንት ግማሹ ገብቶ ግማሹ የሚቆይ ነገር አይደለም። ኮንትራት፣ ዳታና ወደ አዲሱ ሲስተም የመሻገሪያው ቀን አስቀድሞ መታሰር ያለባቸው ናቸው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ዳታ ቆፋሪ፦

ስሜ ተጠራ፣ መጣሁ።

2 ሳምንት ለመጫኑ ይበቃል። ማይግሬሽን ግን ማጽዳት፣ ማዛመድ፣ መጫንና ማስታረቅ ነው፤ አቅራቢው ፕላኑ ላይ የጻፈው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ኮንትራቱን ስታነቢ «ደንበኛው ንጹሕ ዳታ ያቀርባል» የሚል ዐረፍተ ነገር ፈልጊ። ይኖራል። የቀሩትን ሥራዎች ለእናንተ የሰጠው እሱ ነው።

ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ። አንድ አቅራቢ በሦስት ስም ተመዝግቦ ታገኚዋለሽ፤ አንዱ ሙሉ፣ አንዱ በአሕጽሮት፣ አንዱ ፊደል የተሳሳተ፣ ሦስቱም ላይ ቀሪ ሂሳብ አለ። ንብረት ክፍል በካርቶን የሚቆጥረውን ዕቃ ግዢ ክፍል በፍሬ መዝግቦታል፤ ካርቶኑ 24 ፍሬ ከያዘና «10» የሚለው ቁጥር እንዳለ ከተሻገረ 240 ፍሬ የነበረው 10 ሆኖ ያድራል። ከዜሮ በታች የወረደ ክምችት ይኖራል፣ የድሮው ሲስተም ዕቃው ሳይገባ ወጪ ያደርግ ስለነበር፤ አዲሱ ግን ኔጌቲቭ አልቀበልም ብሎ ፋይሉን ይመልሰዋል። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሱ የዕቃ መለያዎች ይኖራሉ፤ እነሱን እዚያው ተዋቸው።

ራስ የሚያዞረው በከፊል ያለቀ የግዢ ትዕዛዝ ነው። 100 ታዝዞ፣ 60 ገብቶ፣ በ45ቱ ላይ ብቻ ኢንቮይስ መጥቷል። ምን ብለሽ ታሻግሪዋለሽ? 40ው ገና የሚጠበቅ ነው። 15ቱ ገብቶ ኢንቮይስ ያልመጣበት ስለሆነ ዕዳ ነው፣ ሚዛኑ ላይ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ሁለቱን ለየብቻ ካላሻገርሽ ወይ ዕቃውን ሁለቴ ትቀበያለሽ ወይ ዕዳውን ትረሺያለሽ። ይህን ለአለቃሽ በአንድ ምሳሌ አሳዪው፣ የሂሳብ ሰው ከሆነ ወዲያው ይገባዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ከመሻገሪያው ሁለት ወር በፊት ክፍት ትዕዛዞችን ዝጉ፣ የማይመጣውን ሰርዙ።

ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልምምድ አድርጉ። የመጀመሪያው ጉዱን ለማየት፣ ሁለተኛው እርማቱ መሥራቱን ለማረጋገጥ፣ ሦስተኛው ሰዓት ተይዞ ልክ እንደ ዋናው ሌሊት። በየልምምዱ የመዝገብ ብዛት ከብዛት፣ ድምር ከድምር አስተያዩ፤ ከዚያ በዘፈቀደ የተመረጡ መዝገቦችን በእጅ ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ብዛትና ድምር ተስማምቶ ቀሪ ሂሳቡ የተሳሳተ አቅራቢ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። የፈራሚው ስም የክፍሉ ኃላፊ ይሁን እንጂ አይቲ አይሁን፤ አይቲ ፋይሉን እንጂ ዕቃውን አያውቅም።

ደግሞ ዳታው በትክክል መሻገሩ ብቻውን አያድንም። ቲኤስቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ከአምስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ዳታው በሰላም ገብቶ ነበር። የወደቀው መድረኩ ነው፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ሂሳቡ ውስጥ መግባት አቃተው። ከሁለቱ ዳታ ሴንተሮች አንዱ ብቻ በጫና መፈተኑ በኋላ በተደረገው ምርመራ ወጣ። በ2022 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ስለዚህ የወር መጨረሻ ቀን ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ጠይቂያቸው።

አዲሷ ተሿሚ፦

ኮንትራቱን አነበብኩት። «ንጹሕ ዳታ» የሚለው አለ፣ ቃል በቃል። «ስታንዳርድ ሪፖርቶች»ም አለ። ከ11ዱ ሰዎች ውስጥ 7ቱ ዓመት መዝጊያና ቆጠራ ላይ ናቸው፤ ስማቸውን ስጽፍ ነው የገባኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ሥራ አስኪያጁ «እግረ መንገዱን ደመወዝም ይግባ» አሉ። አቅራቢው «ትንሽ ሞጁል ናት» አለ። እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። በዚያ ላይ አቅራቢው የተጠቃሚ ፈተናው አልፏል ብሎ ቅጽ ልኮልኛል፤ ከፈረምኩ የክፍያው ሦስተኛ ምዕራፍ ይለቀቃል። የፈተና ጽሑፉን ያዘጋጁት እነሱ ናቸው፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ልፈርም?

ቀይ ብዕር፦

አትፈርሚ። ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ደመወዙ።

ሥራ አስኪያጁን እምቢ እንድትዪ ማንም አልጠየቀሽም። የለውጥ ቁጥጥር ማለት ጥያቄውን ዋጋ ለጥፎበት ለባለቤቱ መመለስ ነው። አንድ ገጽ ጻፊ፦ ደመወዝ ቢገባ ስንት ሳምንት ይጨምራል፣ ስንት ገንዘብ ይጨምራል፣ ከ11ዱ ማን ከየትኛው ሥራ ይነሳል፣ ቀኑ እንዳለ ይቆይ ከተባለ ምን ይወጣል። ከታች ሦስት ምርጫ አስቀምጪ፦ አሁን ይግባና ቀኑ ይገፋ፣ አሁን ይግባና ንብረት ወደ ኋላ ይቆይ፣ ደመወዝ በሁለተኛ ምዕራፍ ይምጣ። እሳቸው መርጠው ይፈርሙ። ብዙ «ትንሽ» ጥያቄ ፊርማ ሲጠየቅበት ይቀዘቅዛል።

ደመወዝ ደግሞ ትንሽ ሞጁል አይደለም። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ጤና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 አዲስ የደመወዝ ሲስተም ከፈተ። ከ70 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፣ የክፍያ ደንቡም እጅግ የተወሳሰበ ነበር። አንዱ ትርፍ ተከፈለው፣ ሌላው ጎደለበት፣ ሌላው ምንም አልመጣለትም። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን በ2013 ጠቅላላ ወጪውን 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አድርሶታል። የዕቃ ሚዛን ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል። ደመወዙ የጎደለበት ሰው ግን በማግስቱ በርሽ ላይ ነው፣ ልክም ነው።

ወደ ፊርማው። አቅራቢ ራሱ የጻፈው ፈተና አይወድቅም፤ ሲስተሙ የሚወደውን መንገድ እየመረጠ ነው የሚሄደው። አንቺ በቅርብ የዘጋሽውን አንድ ወር ውሰጂ፣ ከመጀመሪያው ኢንቮይስ እስከ መዝጊያው ድረስ ያንን ወር እንዳለ በአዲሱ ሲስተም ይሥሩት። የሚሠሩት የእናንተ ሰዎች ይሁኑ እንጂ የአቅራቢው ኮንሰልታንቶች አይሁኑ። የተመለሰ ዕቃ፣ የተሰረዘ ቼክ፣ በስሕተት የተመዘገበና የተገለበጠ ግብይት፣ ሥልጣኑ ሳይኖረው ለማጽደቅ የሚሞክር ሰው ይግባበት። መልሱን አንቺ ዘግተሽዋልና ታውቂዋለሽ፤ ሚዛኑ ከተዘጋው መዝገብ ጋር መግጠም አለበት። የማይገጥመውን በሦስት ክፈዪ፦ ሥራ የሚያቆም፣ ዙሪያውን ተሂዶ የሚታለፍ፣ መልክ ብቻ። የመጀመሪያው ዓይነት አንድ እንኳ ካለ ፊርማ የለም። ሁለተኛው ዓይነት ቀንና ስም ይጻፍበት። ይህንን መስፈርት ዛሬውኑ ለአቅራቢው በደብዳቤ ላኪ፤ ክፍያውን የከለከልሽው አንቺ ሳትሆኚ መስፈርቱ እንዲሆን።

የመሻገሪያውን ሌሊትም በዚሁ መንገድ አስቢው። «እንሂድ ወይስ እንመለስ» የሚለው መስፈርት ሰው እንቅልፍ ሳያጣ በፊት መጻፍ አለበት። በስንት ሰዓት፣ ምን ካልሆነ፣ ማን «ተመለሱ» ይላል? አንድ ቀን እውነተኛ ግብይት በአዲሱ ላይ ከተሠራ መመለስ ማለት ያንን ሁሉ በእጅ ወደ ድሮው ማስገባት ስለሆነ የመመለሻዋ ሰዓት አጭር ናት። እያንዳንዱን እርምጃ አንድ ሰው ይሥራ፣ ሌላ ሰው አይቶ ምልክት ያድርግ። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ነጋዴ እ.ኤ.አ. ነሐሴ (ኦገስት) 1 ቀን 2012 አዲስ ኮድ ከስምንቱ ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ብቻ ተጭኖ ስምንተኛው መረሳቱን ያየ ሁለተኛ ዓይን አልነበረውም፤ በ45 ደቂቃ ገደማ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ አድርጊ፣ ሁሉም የሚረሳው ስለሆነ። ወር ለመዝጋት ስንት ቀን ይፈጃል? አንድ የግዢ ጥያቄ ከመነሻው እስከ ትዕዛዙ ስንት ቀን ይቆያል? በድሮው ሲስተም ላይ ለኪው። በኋላ ቦርዱ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን አመጣ?» ሲል የምታነጻጽሪበት ቁጥር ከድሮው ሲስተም ጋር አብሮ ጠፍቶ እንዳይገኝ።

ስፕሪንተር፦

ቀይ ብዕር፣ የሮይሱን ተቀበልኩ። የኮሚቴ አምልኮህን ግን አልቀበልም። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ስቲሪንግ ኮሚቴ ውሳኔ ሲጠብቅ ስንት ቡድን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ስፖንሰሩ ራሱ ማሳያው ላይ ይቀመጥ፤ የተሠራውን አይቶ እዚያው ይወስን። ቃለ ጉባኤው ሦስት መስመር ይሁን።

እና ለጠያቂያችን፦ ቀኑ ሲጠብ አለቃሽ «ሰው ልጨምርልሽ» ማለቱ አይቀርም። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እንደጻፈው የዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። 11 ሰው ሲሆኑ እርስ በርስ የመነጋገሪያ መስመሩ 55 ነው፤ 15 ሲሆኑ 105 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሩትም እነዚያው የደከሙት ናቸው። ሰው ልስጥሽ ካለ ለ7ቱ የዓመት መዝጊያ ሰዎች የቀድሞ ሥራቸውን የሚሸፍን ሰው ጠይቂው።

ቀይ ብዕር፦

በዚህ እንስማማለን። ኮሚቴ ያልኩት ግን የት ነው? አንድ ሰው ነው ያልኩት።

አዲሷ ተሿሚ፦

አልፈረምኩም። መስፈርቱን ላኩ፣ አቅራቢው ተኮሳተረና ተቀበለ። የደመወዙን ገጽ ለሥራ አስኪያጁ ከሦስት ምርጫ ጋር ሰጠኋቸው፤ ሦስተኛውን መርጠው ፈረሙ፣ በሁለተኛ ምዕራፍ ይመጣል። የ7ቱን ሰዎች ስም ካዩ በኋላ ደግሞ ራሳቸው «ቀኑን ወደ ሁለተኛው ሩብ ዓመት መጀመሪያ ብንገፋውስ?» አሉ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ዓመቱ መሃል ላይ ከተሻገርን የሦስት ወሩን ግብይት አንድ በአንድ ላሻግር ነው? የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ከሁለት ሲስተም ሊወጣ ነው?

ዳታ ቆፋሪ፦

አንድ በአንድ አታሻግሪ፣ እሱ ማብቂያ የለውም። የዓመቱን የመክፈቻ ሚዛን ጫኚ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ወር በየሂሳብ መደቡ የወሩን የተጣራ እንቅስቃሴ አንድ አንድ መስመር አድርገሽ አስገቢ፤ ሦስት ወር ከሆነ ሦስት ጆርናል (የሂሳብ ምዝገባ) ነው። እንዲህ ሲሆን የዓመቱ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ከአንድ ሲስተም ይወጣል፣ ወር ከወር ማነጻጸሩም አይጠፋም። በዝርዝር የሚሻገረው ገና ያልተዘጋ ነገር ብቻ ነው፦ ያልተከፈለ ኢንቮይስ፣ ያልተሰበሰበ ገንዘብ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ ክፍት የግዢ ትዕዛዝ፣ በእጅ ያለ ክምችት። የወጪ ማዕከል ካላችሁ ጆርናሉ በማዕከል ይከፈል፣ አለዚያ የበጀት ንጽጽሩ ይበላሻል። የዓመቱን በጀትም ከነወር ክፍፍሉ መጫን አትርሺ፤ የሦስቱ ወር ወጪ ካልተቀነሰለት ሲስተሙ ያለቀ በጀት ላይ ግዢ ያጸድቃል።

የድሮውን ሲስተም አትዝጊው፤ ለማንበብ ብቻ ክፍት አድርጊው፣ የመጻፍ ፈቃዱን ግን መሻገሪያው ሌሊት ላይ ከሁሉም ሰው አንሺ፣ ከራስሽም ጭምር። የማስታረቂያ ወረቀቶቹን የክፍል ኃላፊዎቹ ፈርመውባቸው በአንድ ፎልደር አስቀምጪ። ኦዲተርሽን ደግሞ አሁኑኑ ጥሪና ይህንን አካሄድ አሳዪው፤ በየትኛው መደብ ላይ ዝርዝር እንደሚፈልግ ከመጫንሽ በፊት ይንገርሽ።